ዘቅዝቃ የለበሰችው ነጠላዬ

ባለፈው እሑድ እናቴ ቤት ቶናው እየተቀዳ ስልኬ ጮኸ። ፎቶ ነው፤ ከህንድ፣ ከፑንጃቧ ፓቲያላ፣ የማስተርስ ጓደኛዬ የላከችልኝ። የአጎቷ ልጅ ሰርግ ላይ ናት። እጇ እስከ ክርኗ ሂና ተቀብቷል፣ ከኋላዋ ብርቱካናማ የአበባ ጉንጉን ተንዠርግጓል፣ ትከሻዋ ላይ ደግሞ የኔ ነጠላ አለ፤ ከአራት ዓመት በፊት ስንለያይ የሰጠኋት። ፊቷ በደስታ በርቷል። ጥለቱን ግን ሽቅብ አድርጋ አንገቷ ላይ አዙራዋለች።

እናቴ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። ስልኩን አራቀችው፣ አቀረበችው።

«ምነው፣ ማን ሞቶባት ነው?»

«እማዬ፣ ሰርግ ላይ ናት።»

«ነጠላ ዘቅዝቃ? ሰርግ ላይ?»

በሳቅ ፈነዳሁ። ትንሽ ቆይቼ ግን ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፤ ምክንያቱም በዚያች ሰዓት የሷን ዱፓታ ለብሼ ነበር የተቀመጥኩት። እንደዚያ መልበሱንም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ደስ እንዳለኝ ነው ያደረግኩት።

በህንድ ፊልም ያደገ ሰው ዱፓታን በስሙ ባያውቀው በዓይኑ ያውቀዋል። ልጅቷ ማሳ ለማሳ ስትሮጥ ከኋላዋ የሚንሳፈፈው፣ ልጁ እጅ ላይ ሲቀር ዘፈን የሚጀመርበት ጨርቅ እሱ ነው። ርዝመቱ ወደ 2.5 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ቢሞላ ነው። ቁልፍ የለው፣ ዚፕ የለው፣ ልክ የለው፤ ቀጭኗም ወፍራሟም፣ አያትም የልጅ ልጅም ያው አንዱን ይለብሱታል። ፑንጃቦች ቹኒ ይሉታል፣ ራጃስታን ውስጥ ደግሞ ኦድኒ ይሆናል። ዱፓታ የሚለው ስም ‹ሁለት› የሚል ቃል በውስጡ ይዟል። የኛው ሁለት ሆኖ እየተደረበም ‹ነጠላ› ነው የሚባለው። ከሥር የሚለበሰው ካሚዝ ደግሞ ከኛው ቀሚስ ጋር ሥጋ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ከዐረብኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ይህን ያወቅኩ ቀን እንግድነቴ ትንሽ ቀለለኝ።

እንግድነቴ ግን የጀመረው በውርደት ነው። ለማስተርስ ፓቲያላ በደረስኩ በሁለተኛው ሳምንት ጓደኛዬ «ለቲያን በዓል ሱት ልበሺ» አለችኝ። ቲያን በክረምት ሴቶች ተሰብስበው የሚጨፍሩበት፣ ዛፍ ላይ ዥዋዥዌ የሚጫወቱበት በዓል ነው። እኔ ሱት ስትል ሱፍ መሰለኝ። በዚያ ሙቀትና እርጥበት፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ይሆነኛል ብዬ ከአዲስ አበባ የያዝኩትን ጥቁር ኮትና ሱሪ ተኩሼ ሄድኩ። ሁለት መቶ የሚሆኑ ሴቶች ሮዝ፣ ቢጫና አረንጓዴ ለብሰው ሲሽከረከሩ እኔ መሀላቸው የቀብር አስፈጻሚ መስዬ ቆምኩ። ለካ እዚያ አገር ሴት ‹ሱት› ካለች ሦስቱን ማለቷ ነው፤ ካሚዙን፣ ሳልዋር የሚሉትን ሱሪና ቹኒውን። አንዷ ተማሪ አዘነችልኝ መሰለኝ ቀይ ቹኒዋን ከራሷ ላይ አውልቃ ኮቴ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ያን ቀን የተነሳሁትን ፎቶ አሁን ሳየው፣ ለካ ዱፓታን ከማይገባው ልብስ ጋር መልበስ የጀመርኩት ገና ያኔ ነው።

በሳምንቱ ጓደኛዬ ቂላ ሙባረክ ከተባለው አሮጌ ምሽግ አጠገብ ወዳለው አዳላት ባዛር ወሰደችኝ። የካሚዙና የሳልዋሩ ጨርቅ ሳይሰፋ ይገዛል። ለቹኒው ነጭ ሺፎን ገዛንና ወደ ላላሪው ሄድን።

ላላሪ ማለት ቀለም ነካሪ ነው። ሥራው ደጅ ላይ ነው፤ አንድ ምድጃ፣ የጠቆረ ድስት፣ በየጣሳው የተቀመጠ የዱቄት ቀለም። ጓደኛዬ ነጩን ቹኒና ከካሚዜ ጨርቅ የተቆረጠች ጥፍር የምታክል ቁራጭ ሰጠችው። ቁራጯን አየት አደረጋት። ሚዛን የለ፣ ማንኪያ የለ፤ በጣቱ ጫፍ ካንዱ ጣሳ ቆንጠር፣ ከሌላው ቆንጠር አድርጎ የሚፈላው ውሃ ላይ በተነ። የቹኒውን አንድ ጥግ ነከረ፣ ጨመቀ፣ ከእሳቱ በላይ ዘርግቶ አደረቀ፣ ከቁራጯ ጎን አስተያየ። ራሱን ነቀነቀ። ሌላ ቆንጠር። በሦስተኛው ሙከራ ሙሉውን ቹኒ ድስቱ ውስጥ ከተተና በዱላ ያማስለው ጀመር። ካወጣው በኋላ ረዳቱ አንዱን ጫፍ፣ እሱ ሌላውን ይዘው መንገዱ መሀል ቆሙና ያራግቡት ገቡ። ሰው ከሥሩ ጎንበስ እያለ ያልፋል፣ ሞተር ብስክሌቱ ቆሞ ይጠብቃል፣ ጨርቁ ነፋስ እየሞላው ከፍ ዝቅ ይላል። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም፤ ስነካው ግን ደርቆ ለብ ብሎኛል። ቀለሙም ከቁራጯ ጋር አንድ ነው፣ የበሰለ ማንጎ። ከዚያ ጎን ያለ ልጅ ጠርዙን በማሽን ጠቅልሎ ሰፋልኝ፤ ፒኮ ይሉታል።

እዚያ ባዛር ላይ ቆሜ ነው ሽሮ ሜዳን የናፈቅኩት። ነጠላችንን የሚሸምነው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው፣ ፈታዩዋ ሴት ናት፣ እኛ የምንገባው ጥለት ለመምረጥ ብቻ ነው። የኔን ነጠላ ማን እንደሸመነው አይቼ አላውቅም። ይሄን ቹኒ ግን ገና ነጭ ሳለ አውቀዋለሁ።

አለባበሱን ከመንገድ ነው የተማርኩት። ትምህርት ቤት የሚሄዱት ልጃገረዶች ደረታቸው ላይ አጥፈው ሁለቱንም ጫፍ በትከሻቸው ወደ ኋላ ይለቁትና በመርፌ ቁልፍ ይይዙታል፤ ያ የደንብ ልብስ ነው፣ ውበት የለውም። ትልልቆቹ ሴቶች ራሳቸው ላይ ጣል ያደርጉታል፤ ይወድቃል፣ ይመልሱታል፣ ይወድቃል፣ ይመልሱታል፣ ወሬው ግን አይቋረጥም። ስኩተር የምትነዳዋ ከዓይኗ በቀር ፊቷን ሙሉ ትጠቀልልበታለች፣ ለአቧራውም ለፀሐዩም። አትክልት ሻጯ የጫፉን ጥግ ቋጥራ ገንዘቧን እዚያ ታስቀምጣለች። ትኩስ ድስት ይያዝበታል፣ የልጅ አፍንጫ ይጠረግበታል፣ ሲያለቅሱ ፊት ይሸፈንበታል። የአክስቴን ነጠላ የሚያውቅ ሰው ምንም አዲስ ነገር አያይም።

እኔ ግን አላወቅኩበትም። አንድ ቀን ከጓደኛዬ ስኩተር ኋላ በጎን ተቀምጬ የማንጎውን ቹኒ አንድ ትከሻዬ ላይ ብቻ ለቅቄው ነበር፤ እንደ ፊልሙ ይንሳፈፍልኛ! አደባባዩን ስንዞር አንገቴን የሆነ ነገር ጎተተኝ። የኋላ ጎማው ጫፉን በልቶታል። ጓደኛዬ ፍሬን ያዘች፣ አንድ ሽማግሌ «ቹኒ! ቹኒ!» እያሉ እየጮኹ ሮጡ፣ ባለ ሱቁ መቀስ ይዞ ወጣ። ህንድ ውስጥ ሞተር ብስክሌት ከጎማው ጎን የሳሪ መከላከያ ፍርግርግ እንዲኖረው ሕጉ የሚያስገድደው ለምን እንደሆነ በአንገቴ ላይ በቀረው ቀይ መስመር ተረዳሁ። ሽማግሌው ተንፍሰው ሲያበቁ «ፑታር፣ እሰሪው» አሉኝ። ፑታር ማለት ልጄ ማለት ነው። ጓደኛዬ በተረፈው ጨርቅ እንዴት እንደሚታሰር አሳየችኝ፤ ከግራ ትከሻ ጀምሮ ደረትን አቋርጦ ቀኝ ዳሌ ላይ ጠበቅ ያለ ቋጠሮ። ዛሬም ጂንስ ስለብስ አብዝቼ የምወደው አስተሳሰር ይሄው ነው። ሰዎች ስታይል ይሉታል፤ ለኔ የስኩተር ቋጠሮ ነው።

ከሁሉ በላይ ያስተማረችኝ ግን የጓደኛዬ አያት ናት። ቢጂ ነው የምንላት፣ በፑንጃብ ለአያትና ለእናት የሚባል የአክብሮት መጠሪያ። ቤታቸው ትሪፑሪ በሚባለው ሰፈር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ፑንጃብ ለሁለት ስትሰነጠቅ ከአሁኗ ፓኪስታን የተሰደዱ ሰዎች የሰፈሩበት፣ ሴቶቹም በፑልካሪ ጥልፍ የሚታወቁበት።

ፑልካሪ የአበባ ሥራ ማለት ነው። ካዳር በሚሉት ሻካራ የእጅ ሽመና ላይ፣ ባልተፈተለ አንጸባራቂ የሐር ክር ይጠለፋል። ጠላፊዋ ንድፍ አትነድፍም። ጨርቁን ገልብጣ ከጀርባው ነው የምትሠራው፤ ድርና ማጉን በዓይኗ እየቆጠረች፣ ሦስት ወዲህ፣ አምስት ወዲያ፣ አበባው ፊት ለፊት በኩል በራሱ እየወጣ። ክሩ አንድ ዓይነት ቢጫ ሆኖ አግድም የተሰፋው ገርጣ፣ ሽቅብ የተሰፋው ጠቆር ይላል፤ ብርሃኑ የሚያርፍበት አቅጣጫ ስለሚለያይ ነው። አበባው በዝቶ መደቡ የማይታይ ሲሆን ስሙ ተለውጦ ባግ ይሆናል፣ የአትክልት ቦታ።

ቢጂ ከሣጥን ሥር ያወጣችው ቾፔ የሚባለውን ነበር። የሙሽሪት የእናቷ እናት ጠልፋ የምትሰጠው፣ ቀይ መደብ ላይ ወርቅማ ቢጫ፣ ከፊትም ከኋላም አንድ ዓይነት ሆኖ የሚሠራ። የቢጂ እናት አያት ለቢጂ እናት የሠሩት ነው፤ በ1947 ቤት ሲጣል፣ ከብት ሲጣል፣ በጥቅል ታስሮ ድንበር ተሻገረ። ጥንት ደግሞ ወንድ ልጅ ሲወለድ አያቱ ገና ላልታወቀችው ሚስቱ ባግ መጥለፍ ትጀምር ነበር አለችኝ። «የማያውቋትን ልጅ ትከሻ እያሰቡ መስፋት» ብላ ሳቀች። ያን ማታ ሕፃኑ ሲያድግ፣ ጨርቁ ሲሞላ፣ የአሮጊቷ ዓይን ሲደክም እያሰብኩ አደርኩ።

ቾፔውን ስገላብጥ መሀል ላይ አንዲት አበባ ሐምራዊ ሆና አገኘሁ። ሌላው ሁሉ ወርቅማ ነው። ክር አልቆባቸው ነው ብዬ ጠየቅኩ። ቢጂ ጣቷን አበባዋ ላይ አድርጋ «ናዘር» አለች። ለዓይን ነው። ሥራው ፍጹም ከሆነ ዓይን ይበላዋልና ሆን ብለው አንዷን ያበላሻሉ። ቡዳ የሚለውን ቃል ላስረዳት ሞከርኩ፤ ማስረዳት አላስፈለገኝም፣ ከኔ በላይ ታውቀዋለች።

ልመለስ ሳምንት ሲቀረኝ ጓደኛዬ ‹ቹኒ እንለዋወጥ› አለችኝ። ወንዶች ጥምጥም ተለዋውጠው ወንድማማች እንደሚሆኑት ሁሉ ሴቶች ዱፓታ ተለዋውጠው እህትማማች የሚሆኑበት የቆየ ልማድ አላቸው። እሷ ትሪፑሪ ውስጥ በእጅ የተጠለፈ የራሷን ፑልካሪ ሰጠችኝ፣ እኔ ለፋሲካ የምለብሰውን ነጠላዬን። ከሰጠኋት በኋላ አለባበሱን አላሳየኋትም። ለመንገድ ስባክን ረሳሁት ማለት እችላለሁ። እውነቱ ግን የሚነገር ነገር ያለ አልመሰለኝም ነበር። ነጠላ ነው፣ ጣል ማድረግ ነው!

አሁን ሳስበው ግን ነጠላን እኔ ጣል አድርጌው አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ስገባ በመስቀል ምልክት ይመሳቀላል፤ ማንም አላስተማረኝም፣ እጄ ያውቀዋል። ለቅሶ ቤት ስደርስ በሩ ላይ ጥለቱ ሽቅብ ይገለበጣል። ትልቅ ሰው ሲገባ ይስተካከላል። እናቴ ከሩቅ ብታየኝ ከነጠላዬ ብቻ ከየት እንደመጣሁ ትነግረኛለች። ነጠላን በጂንስ ላይ በቀበቶ ማሰር ማንም ሳይከለክለኝ እጄ እምቢ ይለኛል። ዱፓታውን ግን እንደልቤ አደርገዋለሁ፤ ደንቡን ስለማላውቅ።

ስለ አለባበሱ ከጠየቃችሁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለው፤ ፋሽኑን ትታችሁ ጨርቁን ስሙት። ሺፎን ይንሸራተታል፣ ስለዚህ ወይ ቋጥሩት ወይ ቀኑን ሙሉ ስታነሱት ለመዋል ቁረጡ። ኦርጋንዛ እንደ ወረቀት ቆሞ ይቀራል፤ አጥፋችሁ አንድ ትከሻ ላይ ከመስቀል ሌላ አማራጭ የለውም፣ ታክሲ ውስጥ ደግሞ አትሞክሩት። ማልማል የሚሉት ስስ ጥጥ ለአዲስ አበባ ጠዋት የተሠራ ይመስለኛል፤ አንገት ላይ ሁለቴ ዞሮ ከሰዓት ሲሞቅ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ቢጨማደድም ያምርበታል። ከፓኪስታኗ ሲንድና ከህንዷ ካች የሚመጣው አጅራክ፣ ኢንዲጎ ሰማያዊና ደማቅ ቀይ በእንጨት ማኅተም የታተመበት፣ ከነጭ ሸሚዝ ጋር ሌላ ጌጥ አይፈልግም። የባናራስ ሐር ከባድ ነው፣ በራሱ ድግስ ነው፤ ከሥሩ ጥቁር ቀሚስ ብቻ ይሁን። ባንድሃኒ ደግሞ ጨርቁን በጥቃቅን ቋጠሮ እያሰሩ የሚነክሩት የጉጃራትና የራጃስታን ሥራ ነው። ቋጠሮው ሲፈታ የቀረው እብጥ እብጥ ያለ ነጥብ ነው ውበቱ፣ እባካችሁ በካውያ አትጨፍልቁት። እኔ የመጀመሪያውን ጨፍልቄዋለሁ።

መርፌ ቁልፍ ግን አልወድም። አምስት ቦታ ተወግቶ የተያዘ ዱፓታ ስካርፍ ነው። ደስ የሚለው መውደቁና ማንሳቱ ነው፤ እጅ ሥራ አያጣም።

ይሄ ሁሉ ቀላል ይመስላል፣ ጨርቁ ግን ለባለቤቶቹ ቀላል ሆኖ አያውቅም። ጓደኛዬ ሳቅ አብዝታ ባለፈች ቁጥር የሠፈር ሴት «ዱፓታሽን አስተካክዪ» ትላታለች፤ ትርጉሙ ስለ ጨርቅ አይደለም፣ እኛም ‹ነጠላሽን አስተካክዪ› ተብለን ያደግን እናውቀዋለን። ፓኪስታን ውስጥ በጄኔራል ዚያ ኡል ሃቅ ዘመን የቴሌቪዥን አቅራቢ ሴቶች ራሳቸውን በዱፓታ እንዲሸፍኑ ሲታዘዙ መህታብ ራሽዲ እምቢ ብላ ከስክሪኑ ወጣች። ያው ጨርቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 2021 በዴልሂ ዳርቻ የእርሻ ሕጎችን በተቃወሙት ገበሬዎች ሰልፍ ላይ የሰናፍጭ አበባ ቢጫ ሆኖ በሺዎች ሴቶች ራስ ላይ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ቲክቶክ ላይ ያንኑ ስስ ጨርቅ አንገት ላይ ጣል አድርገው ‹የስካንዲኔቪያ ሻርፕ› ሲሉት የህንድና የፓኪስታን ልጆች አበዱ። ጓደኛዬ ያን ሰሞን የላከችልኝ የድምፅ መልእክት ግማሹ ስድብ ነበር። እኔም አብሬ ተሳደብኩ፤ ፑልካሪዋን ወገቤ ላይ በሰፊ የቆዳ ቀበቶ እንደታጠቅኩ። ስሙን ስለማውቅና ማን እንደሰጠኝ ስለማውቅ ከነሱ የተለየሁ መሰለኝ። ምናልባትም ነኝ። በዚያ እሑድ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

«ንገሪያት እንጂ» አለች እናቴ፣ በረካውን እየቀዳች። «ሰው መሀል እኮ ነው ያለችው።»

«ተይ እማዬ፣ እዚያ ማን ያውቅባታል?»

«እኔ አወቅኩባት አይደል?»

ጻፍኩላት። ጥለቱ ወደ ታች መሆን እንዳለበት፣ ሽቅብ ከሆነ ለሐዘን እንደሆነ፣ ጥፋቱ ያላሳየኋት የኔ እንደሆነ። ትንሽ ቆይቶ የድምፅ መልእክት መጣ። ከበስተጀርባው ከበሮ ይደለቃል፣ እሷ ከሳቋ የተነሳ ቃሉ ተቆራረጠባት። «ልብሱን አሁኑኑ ገልብጬዋለሁ» አለች። «እኔም የምነግርሽ አለኝ። አራት ዓመት ሙሉ ፎቶሽን ለቢጂ ሳሳያት አንድ ነገር ብቻ ነው የምትጠይቀኝ። ‹ይቺን ልጅ ወገቧን አልተሻላትም እንዴ?› ትለኛለች።»

ለእናቴ ተረጎምኩላት። እናቴ ሲኒዋን ረከቦቱ ላይ አስቀመጠችና ወደ ቀበቶዬ ዝቅ ብላ አየች።

«እኔም እኮ ገና ስትገቢ ልጠይቅሽ ብዬ ነው የተውኩት» አለች።